መርዶ በሬዲዮ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማንተግቦሽ፣

ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ጤና ይስጥልኝ። የሜልቦርን ብርድም አይጠናብዎ። እኔም፣ ወላጅ እናትዎ እማማ መታሰቢያም ደህና ነን። አያቴና እማማ የእህትማማች ልጆች ናቸው ስል ሰው "ሩቅ ዝምድና ነው" ይለኛል፤ እማማ ግን ሰርቪስ ቤታቸውን ለቀውልኝ ሦስት ዓመት እንደ ልጃቸው አኑረውኛል። ከዚህ የቀረበ ዝምድና እኔ አላውቅም።

ከሜልቦርን በመጣችው በመድሃኒት እጅ የላኩልኝ ሦስቱ የአሜሪካ ልቦለዶች ደርሰውኛል። እንዴት እንደተደሰትኩ! የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ እውናዊነት በአሜሪካ ልቦለድ ውስጥ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደሄደ ነውና፣ ሳያስቡት አንድ ከአሮጌው ዘመን፣ አንድ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ከወደቀበት ከረሃቡ ዘመን፣ አንድ ከአሁኑ መርጠውልኛል። እውናዊነት ማለት ጸሐፊው ሕይወትን ሳያሳምር፣ ሳይሸፍን፣ እንዳለች ሲያስቀምጣት ነው። እኛ አገር ይህ ይጎድለናል። ሁሉን እናለባብሳለን። እኔ ራሴም አንድ ልቦለድ ጀምሬአለሁ፤ ስደተኛ ስለሆነ ሰው ነው። ስለ ሥራዎ፣ ስለ ሰፈርዎ ትንሽ ትንሽ ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሌላው የእማማ ጥያቄ ነው። "ሕዝቅያስ ለምን አይደውልም? ወንድሟ ነው፣ እሷ ታውቃለች፣ ጻፍላት" ብለውኛል። እዚያው አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ማዕድን ያወጣል፣ ኔትዎርክ የለም ብላችኋቸው ነበር። አሁን ግን አላመኑም መሰለኝ።

አክባሪዎ
ወንድማገኘሁ


ፍሌሚንግተን፣ ሜልቦርን
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድማገኘሁ፣

ያሰብከው ይሙላልህ፣ የጀመርከው ይለቅልህ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ አንድ ቀን ይታዘዘኛል፣ አንድ ቀን ያምፅብኛል።

መጽሐፎቹን ከመላኬ በፊት አንብቤአቸዋለሁ። አንተ ዶክተር ለመባል ታነባለህ፤ እኔ ከሺፍት ስመለስ ሃምሳ ሰባት ቁጥር ትራም ላይ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ አነባለሁ። ስለ ጨርቅ ነጋዴዋ ባልቴት የሚያወራውን አሮጌውን ወደድኩት። ዳንቴል እንዴት እንደሚታጠብ ሁለት ገጽ ሙሉ ይጽፋል። እንዳለው አድርጌ የመጋረጃዬን ዳንቴል አጠብኩት፤ በረዶ መስሎ ወጣ። ሰውየው አልዋሸም። የረሃቡ ዘመን፣ ሥራ ያጡት ማዕድን ቆፋሪዎች ሾርባ ለመቀበል የሚሰለፉበት፣ ሱዳን ገዳሪፍ ስደተኛ ካምፕ የነበረውን የራሽን ሰልፍ አስታወሰኝና ሰው ፊት አስለቀሰኝ። የዘንድሮው ግን አናደደኝ። ተንከባካቢዋ አሮጊቷን በአንድ እጇ ገለበጠቻት ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት ኤጅድ ኬር፣ አረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ ሠርቻለሁ፤ በአንድ እጅ የሚገለበጥ አሮጊት የለም። ደራሲው አንድም ቀን ሰው አንሥቶ አያውቅም። ይህን ጥናትህ ውስጥ አስገባው።

አሁን የጠየቅከኝን ልንገርህ። ብቻህን ሆነህ አንብብ።

ሕዝቅያስ የለም። ባለፈው ሐምሌ ሴንት አልባንስ ካለው ቤቱ ውስጥ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። እዚሁ ቀበርነው፤ አርባውንም ሰማንያውንም እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አወጣን። ለእማዬ አልነገርናትም። ልቧን ታማ ከሆስፒታል የወጣችው በዚያው ወር ነበር። በስልክ ደግሞ መርዶ አይነገርም፤ ይህን ላንተ አልነግርህም። እኔ ራሴ መጥቼ፣ ዘመድ ሰብስቤ፣ በማለዳ ይነገራታል። ፈቃድ የሚሰጡኝ በመጪው ዓመት ነው። እስከዚያ በረሃ ነው። ካንተና እዚህ ካለነው በቀር የሚያውቅ የለም። የነገርኩህ ግቢዋ ውስጥ ስለምትኖር፣ የሚገባ የሚወጣውን እንድትጠብቅልኝ ነው። በእናትህ አጥንት ይዤሃለሁ።

ማንተግቦሽ


አዲስ አበባ
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ማንተግቦሽ፣

እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥዎ። ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ እማማ ስሙን ሲጠሩ ዓይናቸውን ማየት አልችልም። ከሜልቦርን የሚመጣውን ሰው ሁሉ በር ላይ ተቀብዬ አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ። በዚህ አያስቡ።

ስለ አሮጊቷ መገልበጥ የጻፉት አስደንቆኛል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። ሦስቱን ዘመን የሚለየው ይህ ነው አልኳቸው፤ አሮጌው ደራሲ ዳንቴሉን በእጁ ነክቷል፣ የአሁኑ ከሩቅ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ካስከፋዎ ይተዉት። እንዴት ተገኘ? ማን አገኘው? ቤቱ ምን ይመስል ነበር? ሰው ሐዘኑን በዝርዝር ሲያወራ ይቀለዋል ይላሉ። እርስዎንስ እዚያ ማን ጠይቆዎት ያውቃል?

ወንድማገኘሁ


ፍሌሚንግተን
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድማገኘሁ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለእማዬ ዕድሜ ይጨመርላት።

ጥያቄህን ሳነብ ተናድጄ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሁለት ወር እዚያው ከረመ። ከዚያ እውነትህን መሆኑን አየሁ። ማንም አልጠየቀኝም። እዚህ ሰው "አይዞሽ፣ በርቺ" ይላል፣ ይበላል፣ ይሄዳል።

አራት ቀን ሞቶ ሰንብቷል። የሚሠራበት ዌርሃውስ የዓመት ፈቃዱን ሰጥቶት ስለነበር የፈለገው የለም። እኔ እህቱ ዳብል ሺፍት ላይ ነበርኩ፤ ከፍሌሚንግተን ሴንት አልባንስ በባቡር ስንት ነው? ቅዳሜ እደውላለሁ አልኩ። ያገኘችው ጎረቤቱ ናት፣ አንዲት የቬትናም አሮጊት። ያነቃት ጫማው ነው። ልጅ ሆነን መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ግቢ ስንኖር ጊንጥ እንዳይገባበት እማዬ ጫማችንን ደጃፍ ላይ በአፉ ደፍተን እንድንተኛ ታስገድደን ነበር። እኔ ትቼዋለሁ። እሱ ግን ሃምሳ ዓመት አልፎትም፣ ጊንጥ በሌለበት አገር፣ ጫማውን በር ላይ ደፍቶ ነው የሚተኛው። ማለዳ ያነሣዋል። አሮጊቷ አራት ቀን ሙሉ ዝናብ ሲመታው አይታ፣ አምስተኛው ቀን ፖሊስ ጠራች።

ይኸው ነገርኩህ። እውነትም ትንሽ ቀለለኝ። አንተም እዚያው ዋጠው።

ማንተግቦሽ


አዲስ አበባ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ማንተግቦሽ፣

ጾሙ በሰላም ያልፍልዎ ዘንድ እመኛለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ አምስት ወር ሙሉ ቀና አላልኩም። የምሥራች! ልቦለዴ አልቆ አንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እያስተረከው ነው። በአሥራ ሁለት ክፍል ይቀርባል። አንባቢው ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ እማማም አንድ እሑድ አላመለጣቸውም። "የኔ ልጅ ደራሲ ሆነ" እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ።

እማማ በጤና ናቸው። ሌላ የሚጻፍ አዲስ ነገር የለም።

ወንድማገኘሁ


ፍሌሚንግተን
መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድማገኘሁ፣

በዓሉን እንዴት ዋልክ አልልህም።

ትናንት አዜብ ከሴንት አልባንስ ደወለችልኝ። በኢንተርኔት የአገር ቤት ሬዲዮ ትሰማለች። እያለቀሰች "ማንቴ፣ የወንድምሽን አሟሟት ማን ሸጠው?" አለችኝ። የሕዝቅያስን ሬሳ ያጠበው የሷ ባል ነው፣ ታውቃለች። ሥራ ቦታ ሻወር ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አዳመጥኩት። ሰውየው አናንያ ይባላል። ከተማው ቶሮንቶ ነው። ጎረቤቱ ህንዳዊ ናት። ጎበዝ! ስም መቀየር ትችላለህ። ጫማው ግን ደጃፍ ላይ ተደፍቷል። አራት ቀን ዝናብ ይመታዋል። እህቱ "ቅዳሜ እደውላለሁ" ትላለች። "ማንም አልጠየቀኝም" ያልኩህንም ሳይቀር አስገብተኸዋል። እሱንም እህቲቱ የምትናገረው መጨረሻ ላይ ብቻዋን ስታብድ ነው።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። ላንተ ደብዳቤ ስጽፍ ለዘመድ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ቅራቅንቦ ለቃሚ ደጄ ቆሞ ኖሯል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ስለኔ ግዴለም። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ብዙ ተብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፣ ዛሬውኑ መልስልኝ። ያቺን እሑድ፣ መስከረም አሥራ አንድ፣ እማዬ ሬዲዮውን ሰምታለች ወይስ አልሰማችም? ያ ጫማ ለምን እንደሚደፋ፣ ካንተ ሌላ፣ በዓለም ላይ ከኔና ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷ ናት ያስተማረችን።

ማንተግቦሽ


አዲስ አበባ
መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ማንተግቦሽ፣

እንኳን ለመስቀል በዓል አደረሰዎ።

ስለ ሬዲዮው ለጠየቁኝ፦ እሑድ ዕለት ከምሳ በኋላ ኮልፌ በሙሉ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጎረቤት ይጠይቁ። እንግዲህ ልብዎ ይረፍ።

ስድቡን ተቀብያለሁ፣ ታላቄ ነዎት። ግን እኔም ሰው ነኝና ልናገር። ጫማውን አውጣው ብዬ ራሴን ሦስት ቀን ታግያለሁ። አልቻልኩም። ጫማው ከወጣ ምዕራፉ ይሞታል። እርስዎ ራስዎ አይደሉም ወይ በአንድ እጅ ገለበጠቻት ብሎ ዋሸ ብለው የዘንድሮውን ደራሲ የተቆጡት? ዳንቴሉን ያመሰገኑት? እኔ እንደ አሮጌው ሰውዬ ሳልዋሽ ጻፍኩ፤ ለዚህ ተወቀስኩ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩትም፣ የረሃቡ ዘመኖቹም፣ ጎረቤታቸውንና ዘመዳቸውን ነው የጻፉት። ሌላ ከየት ይመጣል?

ደግሞስ ከተነሣ አይቀር፣ እውነትን የደበቀው ማነው? አንዲትን እናት አሥራ አራት ወር "ልጅሽ በረሃ ነው፣ ኔትዎርክ የለም" እያሉ ማኖር ምን ይባላል? ያንን ልቦለድ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። በየቀኑ እየሰማሁ የኖርኩት ግን እኔ ነኝ። እርስዎ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ዋሽተው ይዘጋሉ፤ እኔ ግን እዚሁ ግቢ ከእሳቸው ጋር ነው የማድረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እናንተ ግን ንጋቱን ፈቃድ እስኪሰጣችሁ ቀጥራችሁታል።

ወንድማገኘሁ


ፍሌሚንግተን
ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድማገኘሁ፣

ከትናንት ወዲያ እሑድ እማዬ ደወለችልኝ። ስልክ መደወል አትችልም ብለን የተዘናጋንባት እናቴ፣ ጎረቤቷን ካሣዬን አስደውላ።

"ማንቴ" አለችኝ፤ "ጫማውን ማን አነሣው?"

"የምን ጫማ እማዬ?"

"የልጄን ነዋ። ዝናብ ሲመታው የሰነበተውን።"

ፎጣ እያጠፍኩ ነበር፤ እጄ ላይ ቀረ። "ማን ነገረሽ?" አልኳት፤ አይ የኔ ነገር፣ መልስ ያለብኝ እኔ ሆኜ እሷን እጠይቃለሁ! ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። እሷ እንደ አንተ አታለባብስም።

መብራት ጠፍቶ ነበር አልከኝ። እውነትህን ነው፣ ጠፍቶ ነበር። የእማዬ ሬዲዮ ግን በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋዩን ቅዳሜ ዕለት ሱቅ ሄደህ የገዛህላት አንተ ነህ፤ ትረካህ እንዳያመልጣት። ይህን የምታውቅ ሰው ነህ "መብራት ጠፍቶ ነበር" ብለህ የጻፍክልኝ። ቃሉ ውሸት የለበትም፤ እኔን ግን አታለኸኛል። እንዲህ ያለ እውናዊነት የትኛው ዘመን ላይ እንደሚውል አንተ ታውቃለህ።

ትረካው ሲያልቅ ጠራችህ። "ልጄ ወንድማገኘሁ፣ ይህ ሰው የማን ልጅ ነው?" አለችህ። አንተ ምን አልክ? "ልቦለድ ነው እማማ፣ የፈጠራ ነው" አልካት። ስለ እውነት ለተማሪ የምታስተምረው ሰው፣ ሁሉን እናለባብሳለን ብለህ የጻፍክልኝ ሰው፣ አንዲት እናት ዓይንህን እያየች ስትጠይቅህ ፈጠራ ነው አልክ! ከዚያ ክፍልህ ገባህና ዘጋህ። መጽሐፍህ ውስጥ ጎረቤቷ አለች፣ እብዷ እህት አለች፣ ሬሳው እንኳ አለ። አንተ የለህም። እነዚያን ልቦለዶች ሳነብ የቸገረኝ ይህ ነበር፤ አሁን ገባኝ። ሁሉን ያየ ሰው አለ፣ እሱ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም።

እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረገችውን ደግሞ ስማ። በየማለዳው ተነሥታ፣ ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መርዶ ነጋሪዎቹ ይመጣሉ ብላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። በር በተንኳኳ ቁጥር "መጡ" ትላለች፤ የሚገባው ወተት አምጪው ነው። "ለምን አላለቀስሽም እማዬ?" አልኳት። "መርዶ ሳይነገረኝ እንዴት ላልቅስ?" አለችኝ። "በሬዲዮ ሰምቼ ልጩህ? ልጇ በሕይወት እያለ አሟረተችበት ይሉኛል። ደግሞ ምናልባት ፈጠራ ቢሆንስ? ልጁ ፈጠራ ነው ብሎኛል" አለች። ገባህ? ባንተ አንድ ቃል ምክንያት ማመንም አልቻለች፣ ማልቀስም አልቻለች። እንባዋን ይዛ ተቀመጠች። ልቧን የታመመች ሴት።

የኔንም አልደብቅም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሁለት ጊዜ ደውዬላታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ "ሕዝቅያስ ደህና ነው?" አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ "ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል" አልኳት። እያወቀች ሰማችኝ።  ይህን ባንተ ላይ አላላክክም፤ የራሴ ነው፤ በራሴ ላይ የተናደድኩትን ያህል ባንተ ላይ አልተናደድኩም። አሥራ አራት ወር ዋሸን ያልከውም እውነት ነው። ግን እኛ የዋሸነው እስክንይዛት ነው። መርዶ በማለዳ፣ በሰው መካከል የሚነገረው ለዚህ ነው፤ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ እንዲኖር። አንተ ብቻዋን፣ ለጥሩ ድምፅ አንባቢ ሰጥተህ ጣልካት።

ሥራ ቦታ ሄጄ ፈቃድ ካልሰጣችሁኝ እለቃለሁ አልኳቸው፤ ሰጡኝ። ትኬት ቡክ አድርጌአለሁ። ጥቅምት 20 እገባለሁ፤ ዘመድ ቤት አድራለሁ። መርዶው ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ካሣዬ ዘመዱን ሁሉ ትነግራለች። የሰፈሩ እድር ድንኳን ይጥላል።

መርዶውን ማን ይንገርሽ ብዬ ጠይቄአታለሁ። የንስሐ አባትሽ ይሁኑ? አጎቴ ይሁን? ወይስ እኔ? "አይሆንም" አለችኝ፤ "ያ ልጅ ጀምሮታል፣ እሱ ይጨርሰው።"

እንግዲህ ያችን ማለዳ ክፍልህ ውስጥ አትገኝም። ከሰው ኋላም አትቆምም። ፊት ለፊቷ ትቀመጣለህ። አናንያ አትላትም፣ ቶሮንቶ አትላትም፣ ስለ ዝናቡም ስለ ምኑም አታሳምርላትም። "እማማ፣ ልጅዎ ሕዝቅያስ ሞቷል" ትላታለህ፣ በገዛ አፍህ፣ ዓይኗን እያየህ። እኔ በስተቀኝ እይዛታለሁ። አንተ ከተናገርክ በኋላ በስተግራ ያዛት።

ያኔ ታለቅሳለች።

ማንተግቦሽ